ቦታው ለአንዲት ብቻ ነውን?



የዛሬው አስተንትኖ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ከሆነ ነገር ይነሣል፤ የባሌት ዳንስ ስለሚማሩ ልጃገረዶች ከሚተርኩ ተከታታይ የሕፃናት መጻሕፍትና ፊልሞች። ባሌት በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ የሚደነስ፣ ከልጅነት ጀምሮ የብዙ ዓመት ልምምድ የሚጠይቅ የአውሮፓውያን ጥበብ ነው። እኛ በእስክስታና በወረብ ስላደግን ጉዳዩ የእኛ አይመስልም። ሆኖም በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዳንሱ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው አንዲቱ ተማሪ ሌላይቱን ለመጣል የምትሸርበው ተንኮል ነው። ይህ ደግሞ፣ በእውነት እንነጋገር ከተባለ፣ በስደት ቤታችን እንግዳ አይደለም።

ጉዳዩን ያነሣችልኝ በሳዑዲ ዓረቢያ በጂዛን ክልል፣ በአል-ኹባ የምትኖር አንዲት እኅት ናት። የነገረችኝ በኑዛዜ ሳይሆን በድምፅ መልእክት ነው፤ ሌሎችም እንዲጠቀሙበት እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅም አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ። አል-ኹባ ከየመን ድንበር ጥግ ያለች ከተማ ናት። ከተራሮቹ ማዶ የሰዓዳ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ውጊያው ድንበሩን በተሻገረ ጊዜ ነዋሪዎቿ ቤታቸውን ጥለው ወጥተው ነበር። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ጂዛን የሚገቡት በእነዚያ ተራሮች በኩል ነው። ወረቀት ለሌለው ሰው በዚያ አገር ከሥራ መባረር ማለት መንገድ ላይ መቆም ነው፤ መንገድ ላይ መቆም ማለት ደግሞ የፍተሻ ኬላ ነው።

እኅታችን በተመላላሽነት በምትሠራበት ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዓረብኛ የሚቀርብ የካርቱን ተከታታይ ታያለች፤ ታሪኩ የባሌት ተማሪዎች ታሪክ ነው። እኅታችን ልብስ እያጣጠፈች አብራት ታያለች፤ ዓረብኛዋም የተሻሻለው በዚያ ነው። በአንዱ ክፍል አንዲት ተማሪ የጓደኛዋን የጫማ ጥብጣብ በትርኢቱ ዋዜማ በመቀስ ትቆርጣለች። መምህሯ ትደርስባታለች፤ አጥፊዋ አንገቷን ደፍታ ከአዳራሹ ትወጣለች፤ ሕፃኗም በደስታ ታጨበጭባለች። እኅታችን ግን ማጨብጨብ አልቻለችም። ዓምና በእርሷ ላይ የደረሰው ትዝ አላት።

ዓምና ከሌላ የአገሯ ልጅ ጋር በአንድ ቤት ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን መዳሟ ሁለቱን ጠርታ፣ “ከዒድ በኋላ የማስቀረው አንዳችሁን ብቻ ነው” አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ምንጣፍ የሚተኙት፣ ከአንድ ሳሕን የሚበሉት ሁለቱ ሴቶች ተፋጠጡ። ለበዓሉ የተገዛው የቤቱ ልጅ ቀሚስ በካውያ ተቃጥሎ ተገኘ። ባልደረባዋም ጣቷን ወደ እርሷ ቀሰረች። ያቃጠለችው ማን እንደ ሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። እኅታችን የሁለት ወር ደመወዟን ሳትቀበል ከቤቱ ወጣች።

አሁን ደግሞ ያቺው ባልደረባዋ በተራዋ ተባርራለች። ማደሪያ ስታጣ፣ እኅታችን ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ተከራየችው ክፍል መጥታ በር አንኳኳች። ሌሎቹም፣ “የተበደልሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ወስኚ” አሏት። “አባ” አለችኝ፤ “የልጅቷ ታሪክ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ክፉዋ ተጋለጠች፤ ወጣች። የእኔዋ ግን አልተጋለጠችም፤ ጭራሽ በሬ ላይ ቆማለች። ምን ላድርግ?”

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ታሪኮቹን ራሳቸውን ላስተዋውቃችሁ፤ የጥያቄው ግማሽ በእነርሱ ውስጥ አለና።

እንግሊዛዊቷ ኖኤል ስትሬትፊልድ “የባሌት ጫማዎች” የተባለውን መጽሐፏን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከእርሷ በኋላ ሎርና ሂል ከ1950 እስከ 1964 ድረስ በሳድለርስ ዌልስ የባሌት ትምህርት ቤት ዙሪያ አሥራ አራት ተከታታይ መጻሕፍት ጻፈች። በ1957 ደግሞ ሜብል ኤስተር አለን፣ ዣን ኤስቶሪል በሚል የብዕር ስም፣ የድሪናን ተከታታይ ጀመረች። ስትሬትፊልድ ኋላ ጳጳስ የሆነ የአንግሊካን ካህን ልጅ ነበረች፤ ሎርና ሂልም የካህን ሚስት ነበረች። ይህን ሳስብ ፈገግ እላለሁ፤ በካህን ቤት የኖረ ሰው ፉክክር በመቅደስ አካባቢም እንደማይጠፋ ያውቃል።

የእነዚህ መጻሕፍት ልጆች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ወላጆቻቸው በአጠገባቸው የሉም። በስትሬትፊልድ መጽሐፍ ያሉት ሦስቱ እኅትማማቾች በማደጎ ያደጉ ናቸው። የሎርና ሂል ቬሮኒካ ወላጆቿን አጥታ ከለንደን ወደ ገጠር፣ ወደ ዘመዶቿ ቤት ትላካለች፤ እዚያም ቅምጥሏ የዘመዷ ልጅ ፊዮና ትጠብቃታለች። ድሪናን የምታሳድጋት አያቷ ናት። ሟች እናቷ ዝነኛ ባሌሪና እንደ ነበረች ድሪና ትደብቃለች፤ ያገኘችውን ሁሉ በእናቷ ስም አገኘች እንዳይባልባት ነው። እርሷም ኩዊኒ የተባለች ተቀናቃኝ አለችባት። እንግዲህ እነዚህ ልጆች በሰው ቤት የሚኖሩ፣ ከኋላቸው ደጋፊ የሌላቸው ናቸው። በዳንስ ትምህርት ቤት ያገኟት ቦታ ለእነርሱ ቤትም አገርም ናት። ስደተኛ አንባቢ ይህን ስሜት ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

በጃፓን የልጃገረዶች ሥዕላዊ ታሪኮች ደግሞ ተንኮሉ ይበልጥ ይከፋል፤ በተቀናቃኝ ጫማ ውስጥ የተደበቀ ሹል ምስማር እጅግ ከመደጋገሙ የተነሣ የእነዚህ ታሪኮች መለያ እስከ መሆን ደርሷል። ለምን ጫማው ተመረጠ? የባሌት ጫማ ጫፉ በጨርቅና በሙጫ ድርብርብ የተጠናከረ ነው። ዳንሰኛይቱ ጥብጣቡን በገዛ እጇ ትሰፋዋለች፤ ለእግሯ እስኪስማማ ድረስም ታለሳልሰዋለች። ስለዚህ በትርኢት ዋዜማ ጫማን ማበላሸት የምትቆምበትን መሬት ከሥሯ መንጠቅ ነው። ለእኛ ኢቃማው፣ ስልኩ፣ ለሐዋላ የተጠራቀመው ገንዘብ፣ በአሠሪ ዘንድ ያለን ስም እንደዚያ ጫማ ነው። በምን ላይ እንደምንቆም አጥርቶ የሚያውቀው ደግሞ አብሮን የሚተኛው፣ አብሮን የሚበላው ሰው ነው። የቅርብ ሰው በደል ጠልቆ የሚገባው ስለዚህ ነው።

በስትሬትፊልድ መጽሐፍ ግን ብዙ አንባቢ አልፏት የሚሄድ አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟ ዊኒፍሬድ ነው። ቤተሰቧ ድሃ ነው። በችሎታዋ ከጓደኞቿ አታንስም፤ ትበልጣለች እንጂ። ነገር ግን “አሊስ በድንቅ ምድር” ለተባለው ቴአትር ስትፈተን የለበሰችው ልብስ አያምርም፤ መልኳም እንደ ፖሊን አይስብም። ቦታውን ፖሊን ታገኛለች፤ ዊኒፍሬድ ተጠባባቂ ትሆናለች። ፖሊን በዝናዋ ታብያ ባጠፋች ጊዜ ግን ዊኒፍሬድ እንድትተካት ይደረጋል። ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ጥብጣብ የቆረጠ፣ ጫማ የደበቀ የለም። ሁለት ልጆች አሉ፤ በሁለቱም ቤት ገንዘቡ ይፈለጋል፤ ቦታው ግን አንድ ነው።

የተንኮል ታሪኮች ብዙውን ጊዜ ይህን ይሸፍኑብናል። ዓይናችን መቀስ በያዘችው ልጅ ላይ ሲተከል፣ ቦታው ለምን አንድ ብቻ ሆነ ብለን መጠየቅ እንረሳለን። በአል-ኹባው ቤትም ቀሚሱን ያቃጠለው እጅ የአንዲት ሴት እጅ ነው፤ “አንዳችሁን ብቻ” የሚለው ቃል ግን ከእጁ ቀድሞ ተነግሯል። ይህን ስል ያቃጠለችውን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። በፍርሃት የተሠራ በደልም በደል ነው፤ የለፋች ሴት ደመወዟን አጥታለች። ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ያላየ ሰው ባልንጀራውን ብቻ በጠላትነት ይይዛል፤ ሁለት ድሆችን ያጋጨውን ቃል ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የማይቀር ነገር አድርጎ ይቀበላል።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ባለጠጋ ነው። ፉክክር እንላለን፤ ቅናት እንላለን፤ ምቀኝነት እንላለን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ፊት ለፊት ቆመው እስክስታ የሚወርዱ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ትከሻውን ሲያንቀጠቅጥ ሌላው አብልጦ ይመልስለታል፤ አንዱ ቢደክም የሌላውም ጨዋታ ይቀዘቅዛል። ይህ ፉክክር ነው፤ ተፎካካሪው ያስፈልገዋል፣ እንዲበረታለትም ይወዳል። ቅናት በሌላው ያየነውን መልካም ነገር ለራሳችንም መመኘት ነው፤ መንገዱን ከሳተ ያቃጥላል፣ ከቀና ግን አባቶቻችን መንፈሳዊ ቅናት እንዳሉት ሰውን ያተጋል። ምቀኝነት ለራሱ ምንም አያተርፍም፤ ምኞቱ ሌላው እንዳይኖረው ብቻ ነው። ጥብጣቡን የቆረጠችው ልጅ በዚያ መቀስ አንዲት እርምጃ እንኳ አልተማረችም።

“ምቀኛ አታሳጣኝ” የሚል አባባልም አለን፤ በታክሲ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ እናነበዋለን። ሰው ከተመቀኘኝ ከፍ ብያለሁ ማለት ነው፣ ነው ነገሩ። የባሌት ተከታታይ መጻሕፍትም የሚኖሩት በዚሁ ጸሎት ነው። በአንደኛው ቅጽ የተጋለጠችው ተቀናቃኝ በሁለተኛው ትፈለጋለች፤ ያለ እርሷ የዋናይቱ ደግነት አይደምቅም፣ ታሪኩም አይቀጥልም። ስለዚህ ደራሲ ክፉዋን ልጅ ለመለወጥ እምብዛም አይቸኩልም። እኛም በሰዎች ላይ እንዲህ እናደርጋለን። ዓምና የበደለችንን ሴት ዘንድሮ ስናነሣት ያው ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በስልክ ስናወራትም ያው ናት። በእኛ ታሪክ ውስጥ የክፉ ሰው ሥራ ሰጥተን ቀጥረናታል፤ ብትለወጥ እንኳ አናሰናብታትም።

እንግዲህ የበደለንን ሰው መጋለጥ መመኘት ጥፋት ነውን? አይደለም። እውነት እንዲወጣ መፈለግ የፍትሕ ጥማት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 2013 በሞስኮ የታወቀው የቦልሾይ ቴአትር የባሌት ጥበባዊ ዳይሬክተር በነበረው በሰርጌይ ፊሊን ፊት ላይ አሲድ ተደፋበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዚያው ቴአትር ዳንሰኛ ፓቬል ድሚትሪቼንኮ ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ እርሱ ግን እንዲመታ ብስማማም አሲዱን አላዘዝሁም ሲል ተከራክሯል። ከነገሩ ጀርባ የነበረው፣ የትኛውን ክፍል ማን ይደንሳል የሚል ቂም ነበር። የልጆች ታሪክ ብለን የናቅነው ነገር በአዋቂዎች እጅ ወዴት እንደሚደርስ እዚህ ላይ እናያለን። እውነቱ ወጣ፤ ፍርዱም ተሰጠ፤ መሰጠቱም ተገቢ ነበር። የፊሊን ዓይን ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። መጋለጥ በደልን ያቆማል፤ ገና ያልተበደለውንም ይጠብቃል። የቆሰለውን መፈወስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይፈውሳል? በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። በየዓመቱ በግእዝ ንባብ አንደኛ ለሚወጣው ተማሪ አንድ መጽሐፍ ይሸለም ነበር። አንድ ዓመት የጎበዙ ልጅ ደብተር በፈተናው ዋዜማ ጠፍቶ፣ በማግስቱ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ርሶ ተገኘ። መምህራችን አጥፊውን በመፈለግ አልደከሙም። ፈተናውን በሳምንት አራዘሙትና፣ “ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትፈተናላችሁ፤ ለሁለታችሁም የሚመዘገበው ያነሰው ነጥብ ነው” አሉን። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ በመብራቱ ዙሪያ ይሰማ የነበረው የንባብ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ጎበዙ ደካማውን ያስጠናል፤ ደካማውም ጎበዙን አላሳፍርም ብሎ እንቅልፉን ያጣል። ደብተር የሚደብቅ አልነበረም፤ የባልንጀራው ደብተር የራሱ ነጥብ ሆኖበት ነበርና። ልባችን በአንድ ሳምንት አልተቀደሰም፤ መምህራችን የቦታውን ቁጥር ለወጡት እንጂ።

ባሌትም ራሱ ይህን ያውቃል። “ስዋን ሌክ” በተባለው ዝነኛ ሥራ ውስጥ አራት ዳንሰኞች የአራት ትናንሽ የውኃ ወፎችን ክፍል ይደንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1895 በሴንት ፒተርስበርግ ሌቭ ኢቫኖቭ እንዳቀናበረው፣ አራቱ እጅ ለእጅ አጣምረው፣ ራሳቸውንና እግራቸውን በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሱ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። አንዲቱ ብትሰናከል አራቱም ይናጋሉ። እጅሽን የያዘችውን ልጅ ጫማ ማበላሸት የገዛ እግርሽን መስበር ይሆናል።

በአገራችንም የዳንስ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አቀናባሪ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን ከሚረዳው ከጀሚናይ ድርጅት ጋር ሠራ፤ ወደ መቶ የሚጠጉ በችግር የሚኖሩ ልጆችንም በካርል ኦርፍ “ካርሚና ቡራና” ሙዚቃ አስደነሰ። ከዚህ ሥራ “አዱኛ” የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ አሥራ ስምንት ወጣቶችም ለዓመታት ሠለጠኑ። ከመቶ አሥራ ስምንት ማለት ጠባብ በር ነው፤ ምርጫ ያለበት ቦታ ሁሉ ቅናት ሊገባበት ይችላል። ነገር ግን የተመረጡት ለምን እንደ ተመረጡ አስተውሉ። የተማሩትን በየሰፈሩ ላሉ ሌሎች እንዲያካፍሉ ጭምር ሠለጠኑ፤ ከአካል ጉዳተኞችም ጋር አብረው ደነሱ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ በሮሌክስ መርሐ ግብር ተመረጠ፤ በኋላም ከአዱኛ ባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር “ዴስቲኖ” የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተ። ቦታ ያገኘ ሰው ለሌላው ቦታ ሲከፍት የምቀኝነት ሥር መድረቅ ይጀምራል።

ስለዚህ ለአል-ኹባዋ እኅቴ የመለስሁላት ይህን ነው።

“ልጄ፣ ማደሪያና አመኔታ አንድ አይደሉም። ማደሪያ የዛሬ ሌሊት ጉዳይ ነው፤ አመኔታ ግን በጊዜ የሚገነባ ነው። በዚያች ከተማ ወረቀት የሌላት ሴት ደጅ ብታድር ምን እንደሚያገኛት አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ለዛሬ ማታ ከምንጣፉ ጥግ ስጪያት። ገንዘብሽንና ስልክሽን ግን በእጅሽ ያዢ፤ ይህ ቂም ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ነገ አንዲት ወይም ሁለት እኅቶች ባሉበት፣ በስልክ መልእክት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ የቀሚሱን ነገር አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሪያት። ይቅርታ ብትጠይቅሽ እሰየው፤ ባትጠይቅሽም እውነቱ ተነግሯል፣ ከእንግዲህ በሆድሽ ተሸክመሽው አትዞሪም። ያጣሽውን ደመወዝ ሥራ ስታገኝ በጥቂት በጥቂቱ እንድትክስሽ መጠየቅም መብትሽ ነው፤ ይቅር ማለት ዕዳ አልነበረም ማለት አይደለምና። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ አንድ ቀን ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት እንዳለ ብትሰሚ ንገሪያት። ቀሚሱን ያቃጠለው ‘ቦታው ለአንዲት ብቻ ነው’ የሚለው ውሸት የሚሸነፈው በዚያ ቀን ነው።”

ከሁለት ቀን በኋላ መልሷ መጣ፤ አጭር ነበር። “አባ፣ ምንጣፉን ሰጥቻታለሁ፤ ልቤ ግን ገና ነው።” ለአሁኑ ይበቃል አልኋት። ልብ ብዙ ጊዜ ከእጅ ኋላ ይከተላል፤ እጅ መልካሙን ሲደጋግም ልብም መንገዱን ይለምዳል።

እናንተስ፣ የተወደዳችሁ? አሠሪያችሁ ስለ ባልደረባችሁ ክፉ ወሬ ስትጠይቃችሁ፣ መልሳችሁ የማንን ጥብጣብ ይቆርጣል? ደመወዙ የተሻለ ሥራ ስትሰሙ ለማን ትነግራላችሁ፣ ከማንስ ትደብቃላችሁ? “ቦታው አንድ ነው” ሲሏችሁ፣ ከመፋጠጣችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ተመካክራችሁ ታውቃላችሁ? ምናልባት አንዲቱ የምትሄድበትን ቤት ሁለታችሁም አብራችሁ ፈልጋችሁ ታገኙ ይሆናል፤ ባታገኙም እንኳ ተቃቅፎ መለያየት አለ። ልጆች የምታሳድጉ ደግሞ፣ የራሳችሁም ሆኑ የሰው፣ ልጅቷ እንዲህ ያለውን ታሪክ አይታ ስታጨበጭብ አትከልክሏት፤ እውነት በመውጣቱ መደሰቷ መልካም ነው። ካጨበጨበች በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፦ “ያቺ የተባረረችው ልጅ በዚያ ሌሊት ወዴት ሄደች?” ይህን የምትጠይቅ ሕፃን አድጋ እመቤት ስትሆን፣ ሁለት ድሆችን ጠርታ “አንዳችሁን ብቻ” ለማለት ቃሉ በአፏ ይከብዳታል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታ በተናገረው ምሳሌ፣ ታላቁ ወንድም ከእርሻ ሲመለስ ከቤት የሙዚቃና የጭፈራ ድምፅ ይሰማል። የጠፋው ታናሹ ተመልሶ ነው። ለሌላ ሰው በተደረገው ጭፈራ ልቡ ይቆስላል፤ አልገባም ብሎ ከደጅ ይቀራል። ለወንድሙ የታረደው ፍሪዳ ከእርሱ የተቀነሰ መስሎ ታይቶታል። አባቱ በእንግዶቹ ፊት አላጋለጠውም፤ አላባረረውምም። ድግሱን ትቶ ወጣ፤ ለመነው፤ ያለኝ ሁሉ የአንተም ነው አለው። ታላቁ ወንድም ይግባ አይግባ ምሳሌው አይነግረንም። የምናውቀው አባቱ ከእርሱ ጋር ደጅ መቆሙን ነው።

በየበራችን ለቆሙት፣ እኛም በሰው በር በቆምን ጊዜ፣ የሚወጣልን አይጥፋ። የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።